ልጁ መሬት ሲወርድ

ይድረስ ለተከበራችሁ የደሴና የኮምቦልቻ ወላጆች፤

ይህን ደብዳቤ የምጽፍላችሁ ኮምቦልቻ ውስጥ የአንደኛ ደረጃ መምህርት ነኝ። ተወልጄ ያደግሁት ደሴ፣ ጦሳ ተራራ ሥር ነው። ጠመኔ ከያዝሁ 22 ዓመት ሆነኝ። የብዙዎቻችሁን ልጆች አስተምሬያለሁ፤ ከእናንተም መካከል ፊደል ያስቆጠርኋችሁ አላችሁ። ስለዚህ የምለውን እንደ ቤተሰብ ምክር እንጂ እንደ ወቀሳ እንዳትቆጥሩብኝ አደራ እላለሁ። የተነሣሁት ስለ ልጆቻችሁ ልጽፍ ነው፤ የምጀምረው ግን ከቁራ ነው። አውፍ በሉኝና ትንሽ ታገሡኝ።

ቁራ በእኛ ዘንድ መልካም ስም የለውም። ጣራ ላይ ሲጮህ «ምን ሊያሰማን ይሆን» ብለን ድንጋይ እናነሣለን። ተልኮ የቀረን ሰው፣ ከኖኅ መርከብ ወጥቶ ያልተመለሰውን እያሰብን፣ «የቁራ መልእክተኛ» እንለዋለን። ሆኖም ያው መጽሐፍ በድርቁ ዘመን ለነቢዩ ኤልያስ እንጀራና ሥጋ ያመላለሰለት ቁራ እንደ ነበር ይነግረናል። ቁርኣንም ቃቢል የገደለውን ወንድሙን የሚያደርግበት ሲጠፋው፣ መሬት እየጫረ መቅበርን ያሳየው አላህ የላከው ቁራ እንደ ሆነ ያስተምረናል። እኛ የወሎ ልጆች ሁለቱንም ታሪክ በአንድ ሰፈር፣ አንዳንዴም በአንድ ቤት ሰምተን አድገናል። ከቁራ መማር ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም።

ባለፈው ዓመት የካቲት ሲያልቅ በትምህርት ቤታችን አጥር ጥግ ባለው ባሕር ዛፍ ላይ ሁለት ቁራዎች ጎጆ መሥራት ጀመሩ። በደሴ ደጋ የምናውቀው፣ ማጅራቱ ላይ ብቻ ነጭ ያለበት ወፍራም ምንቃሩ ቁራ አልነበሩም፤ ያኛው ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ከፍታ ሌላ አገር የሌለው የራሳችን ወፍ ነው። እነዚህ አንገታቸውና ደረታቸው ነጭ፣ ነጠላ ያጣፉ የሚመስሉት ናቸው። ጭራሮ አመላለሱ፣ የሽቦ ቁራጭ ጨመሩበት፤ ውስጡን ከልብስ ስፌት በተጣለ ብጣሽ ጨርቅ ደለደሉት። ከመምህራን ማረፊያ መስኮት ጎጆው ፊት ለፊት ይታየኛል። እንቁላሉ እስኪፈለፈል፣ ሦስት ሳምንት ለማይሞላ ጊዜ፣ እናቲቱ ታቀፈች፤ አባትየው ምግብ እያመጣ አጎረሳት። ጫጩቶቹ ሲወጡ ደግሞ ሁለቱም ተሰማሩ። ስድስት ሳምንት ያህል አንዱ ሲሄድ ሌላው ሲመጣ አየሁ።

አንድ የግንቦት ጠዋት ተማሪዎቼ ካርቶን ተሸክመው እየሮጡ መጡ። ውስጡ አንድ የቁራ ጫጩት ነበረ። ላባው ወጥቷል፤ ጅራቱ ግን ገና አጭር ነው፤ መብረር አይችልም። ካርቶኑን የያዘው ልጅ ዓይኑ እንባ አቅርሮ «ቲቸር፣ እናቱ ጥላው ሄደች» አለኝ። እኔም አዘንሁና እቃ ቤት አስገቡት፣ እንጀራ በውኃ አርሰን እናጉርሰው አልሁ። ይህን ሲሰሙ ዘበኛችን፣ ሽማግሌው አባባ፣ ከወንበራቸው ተነሡ። «አብሽሪ ልጄ፣ አልተጣለም። ቀና በይና እይ» አሉኝ። ቀና አልሁ። በግቢያችን ላይ በሚያልፈው የመብራት ሽቦ ላይ ሁለቱ ቁራዎች ጎን ለጎን ቆመው ይጮኻሉ። ከጠዋት ጀምሮ ሲጮኹ ሰምቻለሁ፤ እንዲያውም ትምህርት በጠበጡብኝ ብዬ መስኮቱን የዘጋሁት እኔ ነኝ። ልጃቸውን ወስደንባቸው እንደ ሆነ ግን አልገባኝም ነበር።

ጫጩቱን ዛፉ ሥር መልሰን ራቅ ብለን ቆምን። ብዙም ሳይቆይ አንደኛው ከሽቦው ወረደ። ጫጩቱ ክንፉን እያርገፈገፈ፣ ቀላ ያለ አፉን በልቶ የማያውቅ ይመስል ከፍቶ ጮኸ። ወላጁ አጎረሰውና ተመልሶ ሽቦው ላይ ቆመ። እስከ አምስት ቀን ድረስ ያ ጫጩት ከመሬት ወደ ድንጋይ፣ ከድንጋይ ወደ አጥር ሲንፈራገጥ ከረመ። ድመት ስትጠጋ ሁለቱም ተወርውረው ያባርሯታል። ወደ ጎጆው ግን አልመለሱትም፤ አንሥቶ የመመለስ አቅምም የላቸውም። የቁራ ልጅ በደንብ መብረር ከመቻሉ በፊት ከጎጆ ይወጣል፤ የፈጣሪ ሥርዓት ነው። እኛ ወደቀ ያልነው መማር ጀምሮ ነው። የወላጆቹ ዋና ሥራ ልጁ ከሚያያቸው ቦታ አለመራቅ ነበር።

የተከበራችሁ ወላጆች፣ በዚያ ሳምንት ክፍሌን በሌላ ዓይን አየሁት። ከፊቴ የሚቀመጡት ልጆች ሁሉ ከጎጆ የወረዱ፣ ገና ያልበረሩ ናቸው። እንደምትወዷቸው አውቃለሁ፤ ጀርባችሁ እስኪጎብጥ የምትሠሩት ለእነሱ ነው። ነገር ግን ብዙዎቹ ቀና ሲሉ ሽቦው ላይ ማንም አይታያቸውም። ስለዚህ አራት ነገር ልለምናችሁ።

የመጀመሪያው፣ ሲጠሩ ስለ መመለስ ነው። አንድ ቀን በ15 ደቂቃው እረፍት ጫጩቱን ስመለከት አራት ጊዜ ጠርቶ የጎረሰው አንድ ጊዜ ብቻ ነበር። ሦስቱን ጊዜ ወላጁ ካለበት ሆኖ በድምፅ ብቻ መለሰለት፤ ጫጩቱም ዝም አለ። የፈለገው ሁልጊዜ ምግብ አልነበረም። የእኛም ልጆች እንዲሁ ናቸው። «እማዬ፣ ዛሬ ምን ሆነ መሰለሽ» ብለው ይጀምራሉ፤ «ቆይ»፣ «አትጨቅጭቀኝ»፣ «ሂድ ውጭ ተጫወት» እንላቸዋለን፤ ወይም ስልክ ሰጥተን ዝም እናሰኛቸዋለን። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክም ሆነ ሌሎቹ የከተማችን ፋብሪካዎች ለብዙዎቻችሁ እንጀራ ሆነዋል፤ ከሺፍት የተመለሰ ሰው እንኳንስ ለወሬ ለመቀመጥም አቅም እንደሚያጣ አውቃለሁ። ልጅ ግን ድካማችሁን አይቶ አይተረጉመውም። ሦስት ጊዜ ጠርቶ ካልመለሳችሁለት በአራተኛው መጥራት ይተዋል። እኛም «ጨዋ ሆነልኝ፣ ዝምተኛ ሆነ» ብለን እናመሰግነዋለን።

ልመናዬ ትንሽ ናት። ወሎዬ ቡና ሳያፈላ አይውልም። አቦሉን ለጎረቤት፣ ቶናውን ለራሳችሁ አድርጉት፤ በረካውን ግን ለልጆቻችሁ ስጡልኝ። ያቺ ስኒ እስክታልቅ ስልኩ ይቀመጥ፣ ቴሌቪዥኑ ይጥፋ፣ ልጁ ያውራ። ምክር አትጨምሩበት። «እሺ፣ ከዚያስ?» ማለት ብቻ ይበቃል።

ሁለተኛው ስለ ውጤት ካርድ ነው። አንድ የሦስተኛ ክፍል ተማሪ ነበረኝ፤ በመጀመሪያው ወሰነ ትምህርት ከክፍሉ 8ኛ ወጥቶ በሁለተኛው 31ኛ ሆነ። ካርዱን አስፈርሞ ሲመልስልኝ ደረጃው የተጻፈበት ቦታ ተቀዷል። ቁጥሩን በላጲስ ሲፈትግ ወረቀቱ እስኪበሳ ድረስ ፈትጎታል። በቤት ተመትቷል፤ በክፍልም እኔ ራሴ «ሰነፍክ» ብዬዋለሁ። ብቻውን አስቀምጬ ስጠይቀው ምን አለኝ መሰላችሁ? እናቱ የማታ ሺፍት ስትገባ ሕፃኗን እህቱን የሚያስተኛት፣ ሌሊት ስትነቃም የሚያባብላት እሱ ነው። ክፍል ውስጥ የሚተኛው ለዚህ ነው። «ለምን ለእማዬ አልነገርካትም?» ስለው «ከነገርኳት ሥራዋን ታቆማለች» አለኝ። ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ያ ልጅ የቤቱን ምሰሶ ተሸክሞ ነበር፤ እኛ ግን የጠየቅነው ስለ ቁጥሩ ብቻ ነበር።

እባካችሁ፣ በዚህ ሰኔ ካርድ ሲመጣ «ስንተኛ ወጣህ?» ከማለታችሁ በፊት «ምን ከበደህ?» በሉት። መልሱ ወዲያው ላይመጣ ይችላል፤ ልጅ የከረመበትን ሸክም በአንድ ጥያቄ አያራግፍም። በማግስቱ ድገሙት። ይህን የምለው አቅም ላነሰው ቤት ብቻም አይደለም። ቦርሳውን የምትሸከሙለት፣ የቤት ሥራውን ቁጭ ብላችሁ የምትሠሩለት ወላጆችም አላችሁ። ደብተሩ ሁሉ ራይት ሆኖ ሲመጣ የማን እጅ እንደ ሆነ እናውቃለን። ልጃችሁን ወደ ጎጆ እየመለሳችሁት ነው። ይሳሳት፣ ኤክስ ይግባበት፤ እናንተ አጠገቡ ሁኑ።

ሦስተኛው፣ ሳናስተምራቸው ስለሚማሩት ነገር ነው። አሜሪካ ውስጥ፣ ሲያትል በሚገኘው የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ፣ ጆን ማርዝሉፍ የተባሉ ተመራማሪና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2006 አንድ ዓይነት ጭምብል አጥልቀው ጥቂት ቁራዎችን ያዙ፤ ቀለበት አሰሩባቸውና ለቀቋቸው። ከዚያ በኋላ ያንን ጭምብል ያጠለቀ ማንም ሰው በግቢው ሲያልፍ ቁራዎቹ ተሰብስበው ይጮኹበት ጀመር። የሚገርመው ጩኸቱ ከዓመት ዓመት እየሰፋ መሄዱ ነው። በወጥመድ ተይዘው የማያውቁ፣ ያኔም ያልተወለዱ ልጆች ከወላጆቻቸው ጩኸት ተምረው ያንን ፊት እንደ ጠላት ያዩት ነበር። ያ ፊት ምንም አድርጓቸው አያውቅም፤ ወላጆቻቸው ሲጮኹበት አይተዋል፤ ያ በቂ ነበር።

እኛ በዚህ ምድር ምን እንዳለፈ እናውቃለን። በ2014 ዓ.ም. በጥቅምት ወር የሰሜኑ ጦርነት ደሴና ኮምቦልቻ ሲገባ፣ ልጁን አዝሎ በእግሩ ያልወጣ፣ ወይም በሩን ዘግቶ ያልሰነበተ ቤት ጥቂት ነው። ያኔ በእናቱ ጀርባ ታዝሎ የወጣ ሕፃን ዛሬ ክፍሌ ውስጥ ተቀምጧል። አንድ ቀን በመንገዱ የሚያልፍ የጭነት መኪና ጎማ ፈነዳ። ድምፁ ሲሰማ ሰባት ልጆች ዴስክ ሥር ገቡ። ከሰባቱ አንዳንዶቹ ያንን ጊዜ ሊያስታውሱት በማይችሉበት ዕድሜ ላይ ነበሩ። ማን አስተማራቸው? እኛ። በር በኃይል ሲዘጋ የምንደነግጠው ድንጋጤ፣ ስልክ ሲጮህ የሚለዋወጠው ፊታችን አስተማራቸው። ቡና ላይ ተሰብስበን የአንዱን ብሔር ወይም የአንዱን ሃይማኖት ስም አንሥተን የምንወረውረው ቃልም እንዲሁ። ልጅ ጥግ ላይ ሲጫወት የማይሰማ ይመስለናል። በማግስቱ ግን ያንኑ ቃል በእረፍት ሰዓት፣ አብሮት ምሳ በሚበላው ጓደኛው ላይ ሲወረውረው እሰማዋለሁ።

ስለዚህ እለምናችኋለሁ፤ ስለዚያ ጊዜ ለልጆቻችሁ በልካቸው ንገሯቸው። «ፈርተን ነበር፤ አልፏል፤ አሁን አብረን ነን» ማለት ልጅን አያስፈራም። የሚያስፈራው ስም ያልተሰጠው ድንጋጤ ነው። ስለ ሰው ስታወሩ ደግሞ ልጅ ጥግ ላይ መኖሩን አትርሱ። ወሎ እስላሙና ክርስቲያኑ በአንድ ማዕድ ዱአና ምርቃት የሚቀባበልበት አገር ነው። ይህን ውርስ ልጆቻችን ከመጽሐፍ አያገኙትም፤ የሚያገኙት ከአፋችን ነው።

አራተኛውን ለመጻፍ ከብዶኝ ሰንብቷል። እሱም ዓረብ አገር ለሄዳችሁ እናቶችና አባቶች፣ ልጆቻቸውንም ለምታሳድጉ አያቶችና አክስቶች ነው። ከኮምቦልቻ፣ ከሐርቡ፣ ከደሴ፣ ከዙሪያው ገጠር ስንቶቻችሁ እንደ ሄዳችሁ እያንዳንዱ ቤት ያውቀዋል። የላካችሁት ገንዘብ ደብተር ሆኗል፣ ቆርቆሮ ሆኗል፣ የአያት መድኃኒት ሆኗል። ማንም በዚህ ሊፈርድባችሁ አይችልም።

ነገር ግን ባለፈው ዓመት በአማርኛ ክፍለ ጊዜ ፈሊጣዊ አነጋገር ሳስተምር «የቁራ መልእክተኛ» የሚለውን ሰሌዳ ላይ ጻፍሁ። ትርጉሙንም «ሄዶ የቀረ፣ ያልተመለሰ ሰው» ብዬ አስረዳሁ። አንዲት ልጅ እጇን አወጣች። እናቷ ሳዑዲ ናት፤ የሚያሳድጓት አያቷ ናቸው። ዝቅ ባለ ድምፅ «ቲቸር፣ እማዬ የቁራ መልእክተኛ ናት እንዴ?» ብላ ጠየቀችኝ። ክፍሉ ጸጥ አለ። እኔም ወዲያው መልስ አላገኘሁም። አያቷ ደግ ናቸው፤ ልጅቷ ባለቀሰች ቁጥር «ነገ ትመጣለች» ይሏታል። ነገ ብዙ ጊዜ መጥቶ አልፏል። እናቷም ትደውላለች፤ ግን አንድ ሳምንት ሦስት ጊዜ ደውላ ሁለት ሳምንት ትጠፋለች፤ ስትደውልም አብዛኛው ወሬ ስለ ገንዘብ ከአያት ጋር ነው።

ለእናንተ ያለኝ ልመና ይህ ነው። ስልክ የምታገኙበት ቀን ጥቂት ቢሆንም ቀኑን ቁረጡት። በሳምንት አንድ ቀን እንኳ ቢሆን፣ ዓርብ ከሆነ ዓርብ ይሁን፤ ከተቻለም ሰዓቱ አይለወጥ። ከዚያም ውስጥ አምስቱ ደቂቃ የልጁ ብቻ ይሁን። ስለ ጓደኛው፣ ስለ ጥርሱ መውለቅ፣ ስለ ድመቷ ጠይቁት። አሳዳጊዎችም «ነገ ትመጣለች» አትበሉት። «እናትህ ሩቅ ናት፤ የምትሠራው ለአንተ ነው፤ ዓርብ ትደውላለች» በሉት። የጠበቀው ዓርብ በመጣ ቁጥር ያምናል። ቁራው ሁልጊዜ አያጎርስም ብያችኋለሁ፤ ከሽቦው ላይ በድምፅ ብቻ የመለሰለትም ጊዜ ጫጩቱ ጸጥ ብሏል። የእናንተም ድምፅ ከሩቅ ይደርሳል፤ ልጁ መቼ እንደሚሰማው ይወቅ እንጂ።

ለልጅቷ የመለስሁላትን ልንገራችሁ። ወደ መስኮቱ ወስጄ ሽቦውን አሳየኋት። «የኖኅ ቁራ አልተመለሰም ይባላል። እነዚህን ግን በዓይንሽ አየሻቸው፤ ልጃቸውን ትተው ሄዱ?» አልኋት። ጭንቅላቷን ነቀነቀች። ከዚያ በኋላ በየእረፍቱ መስኮቱ ጋ እየመጣች መኖራቸውን ታረጋግጥ ነበር። ልጅ የሚናገረው በአፉ ብቻ እንዳልሆነ ያን ጊዜ ገባኝ።

ያ ጫጩት በስድስተኛው ቀን ከአጥሩ ወደ ባሕር ዛፉ ዝቅተኛ ቅርንጫፍ ዘለለ። ሰኔ ሲገባ ከወላጆቹ ጋር በግቢው ላይ ይዞር ነበር፤ ከበረረም በኋላ ለሳምንታት አፉን ከፍቶ ይለምናቸዋል፣ እነሱም ይመልሱለታል። ከጎጆ መውረድ ከወላጅ መለያየት እንዳልሆነ ቁራዎቹ ያውቃሉ።

ሁለተኛው ጫጩት ሲወርድ ልጆቹ እንደ ገና ተሰበሰቡ። አንዱ ሊያነሣው ጎንበስ ሲል ካርቶን ተሸክሞ የመጣው ያ የመጀመሪያው ልጅ እጁን ዘርግቶ ከለከለው። «አትንካው፤ እናቱ እያየችው ነው» አለ። ይህን ሲል ቀና ብሎ እንኳ አላረጋገጠም። እርግጠኛ ነበር።

የእናንተም ልጅ ስለ ራሱ እንዲህ እርግጠኛ ይሁን። ልመናዬ ይኸው ነው።

ልጆቻችሁ ለወግ ለማዕረግ ይብቁላችሁ፤ እናንተም ፍሬያቸውን ለማየት ያብቃችሁ። አሜን።

አክባሪያችሁ፣
አንዲት የኮምቦልቻ መምህርት